በጨርቅ የሚሸፈን ሰላምታ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት እንደዚያ ዘመን ከብዶኝ አያውቅም። ነቀምቴ ላይ «ፕሮግራመር ነኝ» ስል ሬዲዮ ጣቢያ የምሠራ መስሏቸው ዘፈን ምረጥልን የሚሉኝ ነበሩ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ለደንበኞቹ «ልጄ የማሽን ሐኪም ነው» እያለ ይገላገል ነበር። እኔም ሐኪም ተብዬ ኖርኩ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ካርድ እየበሳሁ የተማርኩትን ሙያ ይዤ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ወጥቼ፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የወለጋን ከተሞች በኮንትራት ሥራ እዞር ነበር። ቁጡ ነኝ፤ ለአለቃ አልመችም።

ያኔ ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ በጣት የሚቆጠር ነው። ያለውም ቢሆን ፈረንጅ የለገሰውን ማሽን ዳንቴል አልብሶ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ አቧራ እንዳይነካው ሲሉ ሰውም እንዳይነካው አድርገውት ቁጭ። እኔ ስደርስ ዳንቴሉን አነሳና ሥራ አስጀምረዋለሁ። ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ የመድኃኒት መጋዘኑን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሲሬ ላይ በቆሎ የሚሰበስብ ማኅበር ነበር፤ ለእሱም ጻፍኩ። ከውጭ የመጣው ሁሉ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ዘግቶ ስለሚመጣ፣ በዚያ አካባቢ ላሉ ማሽኖች ጳጉሜን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም። ሥራህን ዘርዝር ስባል እነዚህን እዘረዝራለሁ፤ አሁን የማወራውን ግን ዘርዝሬው አላውቅም።

ነቀምቴ ውስጥ አንድ የእርሻ መሣሪያ መጋዘን ነበር። አንገር ጉቲን ላሉት ትራክተሮች መለዋወጫ የሚላከው ከዚያ ነው። ኃላፊው አስጠራኝ። «ፕሮግራማችን እንከን የለውም» አለኝ፤ «አንዲት ነገር ብቻ እንድታወጣልን ነው።» ምንድን ናት ስለው አልነገረኝም። ጠዋት ሲከፈት ና አለኝ፤ ጠዋት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠው ነበር።

ጸሐፊዋ ማሽኑን አበራችና ከመቅጽበት ጥቁር ጨርቅ ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገችበት። ኃላፊው ጣሪያውን ያያል፤ ጸሐፊዋ ጥፍሯን ታያለች። ጥቂት ቆይታ ጨርቁን ገለጠችና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራዋን ቀጠለች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ማሽኑ ራቁቱን ነው የሚነሳው እንዴ?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ወደ ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋና ነገሩን አወጣው። ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ጉቶ ጊዳ ገበሬዎች ናቸው። ማሽኑ ጠዋት ሲነሳ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» እንዲል አድርጎታል፤ እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ግን ማሽኑ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ስለሆነ ሰላምታውም በላቲን ነው የተጻፈው። አንድ ቀን አንድ ካድሬ መጥቶ አየው። ኦሮምኛን በዚህ ፊደል የሚጽፉት ጫካ ያሉት ናቸው አለ፤ «ጠባብ» የምትለዋን ቃል ጨመረ፤ ልጁን ወሰዱት። ካድሬው በብብቱ ይዞት የወጣው የመለዋወጫ ሪፖርት ራሱ ከላይ እስከ ታች በላቲን ፊደል የታተመ አማርኛ ነበር። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ዛሬም ሳነሳው ይፈላል።

ልጁ ከተወሰደ በኋላ ሰላምታውን ማውጣት የሚችል ጠፋ። ፕሮግራሙን እንዳይተዉት ትራክተሮቹ ሊቆሙ ነው፤ ሰላምታው እንዳይታይባቸው ደግሞ ፈሩ። ስለዚህ በየጠዋቱ ይሸፍኑታል። አሁን ደግሞ ከክፍለ ሀገሩ ጎብኚ ሊመጣ ነው።

«ልጁስ?» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ክረምት እዚያው እስር ቤት አለፈ። እንዳይወራ ተብሏል።»

«እናት የለውም?»

«አለችው እንጂ። በር ላይ ያየሃት ሴትዮ ናት። መርዶ የሚነግራት የለም። ማን ይደፍራል? ለእሱ ለቅሶ የተቀመጠ ከእሱ ጋር ይቆጠራል።»

እኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፤ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ያልተረዳ ሰው ድንኳን አይጥልም፤ ከል አይለብስም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ሞት እናትየው ብቻ ሳያውቁ ቀሩ።

ይባስ ብሎ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ደግ ሰው ነው፣ አዝኖላቸው «አይዞዎት፣ ልጅዎ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሰላም ይላል» ብሏቸዋል። ለማጽናናት ነው። እሳቸው ግን ቃሉን እንዳለ ያዙት። ሰላም የሚል ሰው አለ ማለት ነው፤ አለቀ። ማሽኑ በሚነሳበት ሰዓት በየጠዋቱ መጥተው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጨርቁ ከተገለጠ በኋላ ይነሳሉ፤ ይሄዳሉ። ደግነት እንዲህ ሰው ሲያስር ያየሁት ያኔ ነው።

የልጁን ሥራ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሰው የጻፈው ፕሮግራም ውስጥ መግባት ባለቤቱ በሌለበት ቤት እንደ መግባት ነው፤ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ታያለህ። ንጹሕ ሠራተኛ ነበር። እኔ በብዙ ዙሪያ የምሄደውን እሱ በአቋራጭ ይጨርሰዋል፤ ቀናሁበት። በየመሃሉ ማሽኑ የሚዘላቸው፣ ሰው ብቻ የሚያነባቸው ማስታወሻዎች ትቷል። «እዚህ ጋ ሁለት ቀን ፈጀሁ» ይላል አንዱ። «ርቦኛል» ይላል ሌላው። ወደ ታች ወረድ ስል ደግሞ «ከእኔ በኋላ የምትመጣው ወንድሜ፣ ይህችን አትንካ፤ ብትነካት ሁሉም ይናዳል» ይላል። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። የጠራው እኔን ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ፤ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ሥራ በከፈትኩ ቁጥር ጀርባዬን እያየሁ ነው የማነበው።

አትንካ ካለኝ ቦታ ራቅ ብሎ ሰላምታውን አገኘሁት። አንድ መስመር ነው። ደምስሼው ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ማግስቱን እናትየው መጥተው ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ ታየኝ። ተዉ የሚላቸው የለ፣ ይምጡ የሚላቸው የለ። እንዲሁ በየጠዋቱ።

በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ሄደ። ጸሐፊዋን ሻይ ጠጪ ብዬ ላክኋትና ዘበኛውን «አስገባቸው» አልኩት። አመነታ፤ ከዚያ አስገባቸው።

እናትየው በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ተዉ ብላቸው አልሰሙኝም። ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና ማሽኑን አበራሁ። ጨርቁን አላነሳሁትም፤ ጠረጴዛው ላይ እንደተጣጠፈ ተውኩት። ጽሑፉ ብቅ አለ። ማንበብ አይችሉምና በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላቸው። «አካም ቡልተን።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው «ነጋ፣ ኢልማ ኮ። አቲ አካም ቡልቴ?» አሉ። ደህና ነኝ ልጄ፤ አንተስ እንዴት አደርክ? ከዚያ መልሱን ጠበቁ። እኔም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አብሬያቸው ጠበቅሁ።

«ለምን አይመልስልኝም?» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው፤ ያደግሁበት ነው። «አዴ» ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደ ማለት።

«አይሰማም፣ አዴ። ልጅዎ አንድ ጊዜ የጻፈውን ነው የሚደግመው። ነገም ይህንኑ ይላል፤ ከነገ ወዲያም ይህንኑ ይላል።»

«እሱ ባይኖርም?»

በሁሉም ተናደድኩ። በኃላፊው፣ በካድሬው፣ አፋቸውን በያዙት ሽማግሌዎች፣ በደጉ ዘበኛ። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ የሚደግፍ ክንድ የለ፤ አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ልጅ ብቻ።

«ባይኖርም» አልኳቸው።

ዓይኔን አዩት። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያለ እሱ የሚናገረው?»

«ካለፈው ክረምት። ልጅዎ ሞቷል፣ አዴ። እዚያው እስር ቤት ነው የሞተው።»

አልጮኹም። ቀስ ብለው ተነሱና ነጠላቸውን ዘቀዘቁት፤ ጥለቱ ወደ ላይ መጣ። «እዚህ አላለቅስም» አሉኝ። «አንተም እናት አለችህ።» እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉት። መስታወቱ ሞቆ ነበር። «ሞቶም ሥራ ላይ ነው፣ የእኔ ልጅ» አሉ። «አጥፋው። ይረፍ።»

እያዩኝ መስመሩን ደመሰስኩት። እንዲያምኑኝ ማሽኑን አጥፍቼ እንደገና አበራሁት። ዝም ብሎ ተነሳ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ፤ በሩ ላይ ጫማቸውን አደረጉ፤ ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ አላዩትም።

የቀረውን የነገረኝ አባቴ ነው። ገበያው መሃል እስኪደርሱ ድምፅ አላሰሙም። እዚያ ሲደርሱ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ሻጩም ገዢውም ከተቀመጠበት ተነሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ማን ሞተ?» የሚል ይበዛል። ያን ቀን ማንም አልጠየቀም።