አንገት የማያዞር መንገድ

የስፌት መኪና ጠጋኙን የሰፈሩ ሰው «ዞር ዞር» ነው የሚላቸው። ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌት ሲነዱ፣ ከኋላ የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ግራ ሲያዞሩ፣ ይኸው አንገቱ እዚያው ለምዶ ቀረ። ምሳ እየበሉ እንኳ ደጅ መኪና ካለፈ ማንኪያቸውን እንደያዙ ዞር ይላሉ። ልጃቸው በዚህ እየሳቀች ነው ያደገችው። ባለፈው ክረምት አውቶቡስ ወደ ፌርማታ ሲጠጋ ገፍቶ ጥሏቸው ክንዳቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋባት።

የልጅቷ ሥራ ደግሞ መንገድ መንደፍ ነው። ያንኑ የአባቷን መንገድ እንደገና እንድትነድፍ ሲሰጧት ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዛት። የብስክሌቱን መስመር በጠርዝ ድንጋይ ከመኪናው ለየችው። ፌርማታው ጋ ስትደርስ ግን እጇ ታሰረ። አውቶቡስ ዳር ካልያዘ ሰው የት ይውረድ? ስትስል ስትሰርዝ ከርማ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ የክብሪት ቀፎውን አውቶቡስ፣ የጨው ዕቃውን መጠለያ አድርጋ አባቷ ፊት ደረደረች።

«አየህ አባዬ፣ አውቶቡሱ እዚህ ይቆማል። አንተ በመጠለያው ጀርባ ታልፋለህ። አትገናኙም።»

«ገበታ ላይማ እኔም አውቶቡስ እነዳለሁ» አሉ። «ይልቅ ስሚኝ፤ መንገድሽ ላይ አንዴ እንኳ ወደ ኋላ ከዞርኩ ብስክሌቷን እሸጣታለሁ።»

«ምስክር ነኝ» አሉ እናትየው ከጓዳ።

ብስክሌቷ ከተሸጠች አባቷ እቤት ቁጭ ብለው ማርጀታቸው ነው።

መንገዱ በተከፈተ ማለዳ ፌርማታው አጠገብ ቆማ ጠበቀች። አባቷ መጡ፤ ከኋላቸው አንድ ግዙፍ አውቶቡስ እያጓራ። አውቶቡሱ ተጠጋ፣ ቆመ፣ ሰው አራገፈ። አባቷ በመጠለያው ጀርባ ሹልክ ብለው በወዲያ በኩል ብቅ አሉ። ወረቀት ላይ ስንቴ አይታዋለች! በዓይን ሲያዩት ግን ጉድ ነው፤ ያ ሁሉ ብረትና አንድ ሽማግሌ፣ አንዱ አንዱን ሳያስደነግጥ ተላለፉ። አንገታቸው ንቅንቅ አላለም። እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ምሳ ላይ ስለ ብስክሌቷ እስኪያነሱ ጠበቀች። እሳቸውን የገረማቸው ግን ሌላ ነው።

«እኔ የምለው፣ መንገዱ ዳር ያሉትን ዛፎች መቼ ነው የተከላችኋቸው?»

ዛፎቹ እሷ ሳትወለድም እዚያው ነበሩ።