ከዳገቱ አናት ላይ የቀረው ሰውዬ

ስለ ጎንደር የሚጻፈው ሁሉ ግንብና ንጉሥ ነው። ሕዝቡን ከጎንደር ዛሪማ፣ ከዛሪማ ጎንደር ሲያመላልስ ጠጉሩ የነጣ ሹፌር የሚጽፍለት የለም። መንገድ ብቻውን ሰው የሚያደርስ ይመስል! እንግዲህ ይህ የሹፌሩ የዳኛው ታሪክ ነው፤ ንጉሥ ያሰኘው ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ዳኛው ዳባት ተወለደ፤ አራተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ የመኪና ረዳት ሆነ። ጣሪያ ላይ ጤፍና ፍየል ሲጭን፣ ጎማ ሲፈታ፣ ከሹፌር ጥፊ ሲቀበል አድጎ፣ ደርግ በወደቀ ማግስት መሪ ጨበጠ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ያየ ሰው ሥራውን ይረዳዋል። ደባርቅን ለቀቅ እንዳሉ መሬቱ ያልቃል። በአንድ ወገን ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ሰማይ፤ የሚበረውን አሞራ የምታየው ከላይ ሆነህ ጀርባውን ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ነፍስ ሳይጠፋበት አረጀ። ሜዳልያ አልተሰጠውም። ሜዳልያማ የስብሰባ ወንበር ለሚያሞቅ ነው።

በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንደኛው ንግግሩ ነው። መኪናው ሳይቆም ዕቃውን አቅፎ የሚነሳ መንገደኛ ሲያይ በመስታወቱ ያፈጥበትና፣ «ቁጭ በሉ፤ ገና አልደረስንም። የሹፌር እግር ከፔዳል ሳይነሳ የሚወርድ ማነው?» ይላል። ከዳባት እስከ ዛሪማ ይህን ያልሰማ ጆሮ የለም፤ ሚስቶች ለባሎቻቸው፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይቀልዱበታል። ሁለተኛው ካሴቱ ነው።

ካሴቱን ያገኘው ከዐብዱልከሪም ነው። ዐብዱልከሪም ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ሲሸጥ ከኖረ ቤት የወጣ ነጋዴ ነው፤ አባቱ እየተቆጡ ከጣቃው ጎን ካሴት መደርደር የጀመረው ግን እሱ ነው። ዳኛው ለሚስቱ ለለተ ማርያም የሠርግ ቀሚስ ጨርቅ ሊገዛ ሱቁ ገባ። እዚያ የሚጮኸውን ሙዚቃ ቆሞ ሲሰማ ዋለና ካሴቱን ይዞ፣ ጨርቁን ረስቶ ወጣ። ለተ ማርያም ይህን እስከ ዛሬ አልተወችለትም።

ሙዚቃው «ዳገት» ይባላል። የተጫወቱት «ጉም» የተባለ ባንድ አባላት ናቸው። በደርግ ጊዜ ጎንደር የነበሩ ወታደሮች ሲሆኑ፣ የታዘዙትን የሰልፍ ዜማ ከተጫወቱ በኋላ ማንም ያላዘዛቸውን ለራሳቸው ይጫወታሉ። ኦርጋን፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም፤ ዘፋኝ የለም። ምቱ ሲሄድ ሲሄድ ይሰበራል፣ ይቆማል፣ ባላሰብከው በኩል ይመጣል። ለእስክስታ ትከሻህን ስታሰናዳ ጥሎህ ያልፋል። አንዱ ሙዚቃ ብቻውን የካሴቱን አንድ ፊት ይበላና አሁንም አያልቅም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ልምምዳቸው ላይ ተገኝቶ ሲቀዳ የካሴቱ ክር ቀድሞ አለቀበት። ኦርጋኑ ወጥቶ ወጥቶ አናቱ ላይ ይደርሳል፤ አንዲት ቀጭን ድምፅ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀጭ! ጎንደር ያለው ካሴት ሁሉ ከዚያ ካሴት የተገለበጠ ስለሆነ ሁሉም እዚያው ላይ ቀጭ ይላል። ባንዱ ደርግ ሲወድቅ ተበተነ። ኦርጋን ተጫዋቹ አስማረ ሳንጃ ወርዶ ሰሊጥ አራሽ ሆነ፤ ድራም መቺው ኮላ ድባ ወፍጮ ቤት ገባ ተባለ፤ የቀሩት የት እንደገቡ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዐብዱልከሪም መቋረጡን ይወደዋል። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ፣ ጥበብ ማለት ይሄ ነው፤ ጫፍ ላይ ያደርስህና ዝም ይላል፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው ይልሃል እያለ ለገበያተኛው ያስረዳል። ዳኛውን ይህ ያቃጥለዋል።

«ጥበብ አይደለም፤ ክር ነው ያለቀ» ይለዋል። «ወጥቶ የማይወርድ መንገድ የት አይተሃል? ሰውዬው እዚያ ብርድ ላይ ቀረ እኮ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ዳገቱን የሚወጣው ነዋ።»

ሰውዬውን ዳኛው በልቡ ያየዋል። ሸክም አለው፤ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ምቱ የሚሰበረውም ለዚህ ነው። በየቀኑ ስንቱን ከሊማሊሞ አናት በሰላም ያወረደ ሰው፣ ያን አንዱን ማውረድ አልቻለም። ሌላው የሚመኘው ቤትና ሀብት ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው ከዚህ ዓለም የተመኘው ያ ሰውዬ ሲወርድ መስማት ብቻ ነበር። ዐብዱልከሪም ግን መውረጃ የሚባል ነገር አልተሠራም፣ ቢሠራ ኖሮ አንድ የሚያውቅ ሰው በተገኘ ነበር ይለዋል። ይህን ሲሰማ ዳኛው ይጠራጠራል። እውነት ባይኖርስ?

ካሴቱን ዳባት ሲወጣ ይከተዋል። ደባርቅ መናኸሪያ ያቆመዋል፤ ሲነሳ ይቀጥለዋል። ቀጭ የሚለው ልክ መኪናዋ ወደ ገደሉ አፍንጫዋን ስትደፋ ነው። ያን ጊዜ ክርስቲያኑ ያማትባል፣ እስላሙ ቢስሚላህ ይላል፤ ሁሉም ዝም። ከጊዜ ብዛት መንገደኛው ገደሉን ማየት ተወ፤ በካሴቱ ያማትብ ጀመር። ዘወትር ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ የምትቀመጠው የዛሪማዋ ቅቤ ነጋዴ አማረች ግን ሙዚቃውን አንድ ቀን ወዳው አታውቅም።

«ምነው አያ ዳኛው፣ ይህን የጋኔን ልቅሶ ብታጠፋልን?»

እሱም ስለ ሰውዬው ይነግራታል። ምን አስወጣው፣ ቤቱ አርፎ አይቀመጥም ትለዋለች።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ዐብዱልከሪም መናኸሪያ ድረስ መጣ። ፊቱ የመርዶ ነጋሪ ነው። «ጉም» ተሰባስበዋል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የከተማው አዳራሽ ይጫወታሉ አለው። ባይመጡ ይሻል ነበር ሲልም ጨመረ፤ አሮጌ ሰው አሮጌ ሥራውን ሲነካ ያበላሸዋል፣ እኔ ካሴቴ ይበቃኛል። እንዲህ እያለ የሁለት ሰው መግቢያ ገዝቶ ኪሱ ከቷል።

እሑድ ዳኛው መኪናዋን አቁሞ የሠርግ ኮቱን ለበሰ። ለተ ማርያም አይታው፣ ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ አላማረብህም ብላ ሸኘችው።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከነልጆቻቸው፣ መሀል የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች፣ ከኋላ ደግሞ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከዛሪማ የመጣ ሕዝብ ታጭቋል። ይህ የኋለኛው ሙዚቃ አፍቃሪ ሆኖ አይደለም፤ የዳኛው መኪና ጩኸት መልኩ ምን እንደሚመስል ሊያይ ነው የመጣው። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ሳቅም ጭብጨባም ተሰማ። ቦርጫሞች፣ መላጣዎች፣ ባለመነጽሮች፤ አስማረን የሳንጃ ፀሐይ አክስሎታል፤ እጁም የአራሽ እጅ ነው።

ገና አንዱን ተጫውተው ሳይጨርሱ ጉርምርምታው ተጀመረ። ወጣቶቹ እስክስታ ይሁን አሉ። አንድ ባለክራባት ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ከኋላው አንዱ «ክራባቱን አያትህ ናቸው የፈተሉልህ?» አለውና ረድፉ በሳቅ ወደቀ። ሌላው ካሴቱ ላይ ጊታሩ እንዲህ አይልም ብሎ ተቆጣ፤ ካሴቱን የሠሩት እነሱ መሆናቸውን ረስቶ። ይህ ነው የእኛ ነገር። ሰው በሕይወት እያለ አንሰማውም፤ ቅጂውን እናመልካለን፤ ባለቤቱ ሲመጣ ቅጂውን አትመስልም ብለን እንከሰዋለን።

ከዚያ አስማረ «ዳገት»ን ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ቀስ አለ፤ አርጅተዋል» አለ ዐብዱልከሪም በሹክሹክታ።

«ጭነት አለው» አለ ዳኛው።

እውነትም ሸክሙ ከካሴቱ ይልቅ ይከብዳል። ምቱ ሲሰበር ዳኛው ያቺን አንካሳ እግር ያያል፤ ኦርጋኑ አንድ ጠመዝማዛ በዞረ ቁጥር ሳያስበው ጉልበቱ አብሮ ይሄዳል። ወጣ፤ ወጣ፤ ጊታሩ ወደኋላ ቀረ፤ ድራሙ ቀጠነ፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ ብቻዋን አናቱ ላይ ቆማ ተንቀጠቀጠች። በዚህ ጊዜ ሌላ አገር የማይሆን ነገር ሆነ። ከኋላ ያለው ሕዝብ በአንድነት አማተበ። መንገዱን የሚመላለሱት ነጋዴዎችም ቢስሚላህ አሉ። አስማረ የማማተቡን ነገር አይቶ ግራ ገባው፤ እጁን ከኦርጋኑ አነሳ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም ለረጅም ዘመን እዚህ ላይ ሲያልቅ ስለሚያውቀው አለቀ ብሎ ተነሳ። ኮት የሚያነሳው ኮቱን አነሳ፤ ወጣቶቹ እስክስታ እያሉ ወደ መድረኩ ተጋፉ፤ አስተዋዋቂው ማይክራፎን ይዞ ሊያመሰግን ወጣ። ዐብዱልከሪም እያጨበጨበ ወደ ዳኛው ዞረ። ፊቱ ላይ ነገርኩህ የሚል ተጽፏል።

ዳኛው አላጨበጨበም። መውረጃ የለም ማለት ነው፤ እድሜውን ሙሉ የጠበቀው የሌለ መንገድ ነው። አንገቱን ደፋ። አንገቱን በደፋበት ዓይኑ በተነሱት ሰዎች እግር መሀል አልፎ የአስማረ ጫማ ላይ ወደቀ። የአስማረ እጅ ተነስቷል፤ ቀኝ እግሩ ግን የኦርጋኑ የድምፅ ፔዳል ላይ ነው። ተረከዙን ተክሎ፣ ጣቱን አቅልሎ ይዞታል፤ ልክ ሹፌር ገደል አፋፍ ላይ እንደሚይዘው። እንዲህ የሚይዝ ሰው ገና መንገድ አለው።

ዳኛው ወንበሩ ላይ ወጣ።

«ቁጭ በሉ፤ ገና አልደረስንም። የሹፌር እግር ከፔዳል ሳይነሳ የሚወርድ ማነው?»

ከዳባት እስከ ዛሪማ ያለ ሕዝብ ያን ድምፅ ሲሰማ አያስብም፤ ይቀመጣል። የኋለኛው ረድፍ እንደ አንድ ሰው ቁጭ አለ። ቁጭ ካለ በኋላ ነው ሳቁ የመጣ። ሳቁ ወደ መሀል ተዛመተና ነጋዴዎቹም ተቀመጡ። ባለክራባቱ ቆሞ ሲያማትር፣ አንዲት እናት ኮቱን ጎተት አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ከመኪና ያስወርድሃል፤ ተቀመጥ» አሉት። አስተዋዋቂው ማይክራፎኑን እንደያዘ ወደ ጎን ተመለሰ። አስማረ የፔዳሉን ነገር ሲሰማ ወደ እግሩ አየ፤ ወደ ዳኛው አየ፤ ከሰሊጥ እርሻ የመጣ ጥቁር ፊቱ በሳቅ ተከፈተ። እጁን መለሰ።

መውረጃው ነበረ። መውረጃው በሩጫ አይደለም፤ ሹፌር ሁሉ እንደሚያውቀው ቁልቁለት የሚወረደው በተወጣበት ማርሽ ነው። ያው ሲወጣ የነበረው ዜማ ዞሮ ይመጣል፤ ቤዙ እንደ ሞተር ጉልበት ከኋላ ይይዘዋል፤ የተሰበረው ምት በየመታጠፊያው ይጠገናል። አንካሳው እግር መርገጥ ጀመረ። ወደ ታች በወረደ መጠን ሙዚቃው ሞቀ፤ ቆላ ገባ። በመጨረሻ ድራሙ አረፈ፣ ጊታሩ አረፈ፤ አስማረ አንድ ጣቱን ብቻ አስቀርቶ፣ እሱንም አነሳው። ከዚያ እግሩን።

ዳኛው ያን ጊዜ ነው ያጨበጨበ። ወንበሩ ላይ እንደቆመ፣ የሠርግ ኮቱ ብብቱ ላይ እስኪተረተር አጨበጨበ። የኋለኛው ሕዝብ ደግሞ ዛሪማ ሲደርስ እንደሚለው «ተመስገን፣ እጅህ ይባረክ» አለ። ሽማግሌው ድራም መቺ ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሁሉም ደስ አለው ብሎ የሚጽፍ ይዋሻል። ወጣቶቹ ግማሹን ሳይሰሙ ወጥተዋል። ባለክራባቱ ረዘመ አለ። በማግስቱ በሬዲዮ የተናገረውም ሰው ተመልካቹ ተሰላችቶ ነበር አለ፤ እሱን ግን አዳራሹ ውስጥ ያየው የለም። ዐብዱልከሪም ከአዳራሽ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ እየተከራከረ ሄደ። መቋረጡ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው፤ እንደ እኔ ቢሆን ክሩ ያለቀበትን ሰው እሸልመው ነበር ይላል። ዳኛው የተተረተረ ብብቱን እየዳበሰ አብሮት ተራመደ። ያሸነፈ ሰው መልስ አያስፈልገውም፤ ደግሞም ወዳጅ እንደሆኑ በሐሳብ መለያየት ይቻላል፤ አገሩ ይህን ቢማር ምን ነበር።

ሰኞ ቅጥቅጧ መኪና እንደ ወትሮዋ ሞልታ ወጣች። ዳባት ላይ ካሴቱ ገባ። ደባርቅን አልፋ ወደ ገደሉ ስትደፋ፣ ቀጭ። መንገደኛው አማተበ። ዳኛው ማርሽ ቀነሰና በከንፈሩ ማፏጨት ጀመረ። ዜማው አይሸጋም፤ እዚህ ይስታል፣ እዚያ ይረሳል፤ ግን ይወርዳል።

አማረች ከጀርባው አንገቷን አሰገገች።

«ምነው አያ ዳኛው፣ ካሴቱ ሲያርፍልን ደግሞ በአፍህ?»

«ሰውዬውን እያወረድሁት ነው።»

አማረች የቅቤ ቅሏን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ በመስኮቱ ቁልቁል አየች።

«እንግዲያስ ቀስ አድርገህ አውርደው» አለች። «እኛም አለንበት።»