የግራ ጎማው ኳኳታ

መኪናችን ኳ፣ ኳ ማለት የጀመረችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከፊት በኩል ብረት ብረትን ይመታል። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ባሕር ዳር አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቤታችን ዓባይ ማዶ ነበር። ጋራዥ ብወስዳት ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ነው ብለው ቀየሩልኝ፤ ኳኳታው ግን እንዳለ ቀረ። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ድምፅ ፍለጋ ከተማውን መዞር አይታሰብም። እሁድ እዚያው ግቢዬ ውስጥ ልፈልገው ወሰንሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከዘንዘልማ በኩል ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ አምጥተው ደጃችን ላይ አሳረፏት። ሸካሚዎቹ ደክመዋል። ባለቤቴ "መኪናዋን አስነሳት!" አለችኝ። ሴትዮዋን ከኋላ አስገብታ አቀፈቻት፤ እኔ ነዳሁ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ኳኳታው ከምጡ ጩኸት በላይ ሆነ። ቢሆንም ሆስፒታል ደረስን፤ ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች።

በማግሥቱ ጠዋት የባለቤቴ አባት ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸውን ለመታከም ከቆላ ድባ መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። መጀመሪያ ትርፍ ጎማውን፣ መፍቻውን፣ ጀሪካኑን፣ የሚንኳኳውን ሁሉ አወጣሁ። ከዚያ የመኪናዋን አፍንጫ በሁለት እጄ እየተጫንሁ ለቀቅሁ። ኳ! አለች። ከየት እንደሆነ ግን አይለይም።

"ቆይ እስቲ" አለችኝ ባለቤቴ። ገብታ የልብ ማዳመጫዋን ይዛ መጣች። ሳቅሁ።

"ምን ያስቅሃል? ደረት ውስጥ ያለውን የሚያሰማ ብረት ውስጥ ያለውን አያሰማም?"

ነጠላዋን አስቀምጣ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ ማዳመጫውን ብረቱ ላይ እያሳረፈች "ተጫን" ትለኛለች። ቀኙን አዳመጠች፤ ዝም። ወደ ግራ ዞረች።

"እዚህ ነው። እታች፣ ጎማው ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት።"

መካኒኮች ቴስቲና የሚሉት፣ ባለኳሱ መጋጠሚያ ማለቷ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ሻንሲውን በድንጋይ ደገፍሁ። እሷ ደግማ ልታዳምጥ ጭንቅላቷን ከጎማው ጀርባ፣ ታምቆ ከተቀመጠው ወፍራም ሞላ አጠገብ አስገባች። ይኼኔ አባቷ ተጣሩ።

"ልጄ፣ ያችን የዓይን መድኃኒት ብታደርጊልኝ።"

"መጣሁ፣ አባዬ" ብላ ተነሣች። እኔ እስክትመለስ ብዬ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝሁት።

የፈነዳ ቦምብ መሰለኝ። ጎማው እጄ ላይ ወደቀ፤ ሞላው ተወርውሮ በጆሮዬ ሥር አለፈና የአጥሩን ቆርቆሮ በስቶ ተሰካ። ጆሮዬ ጭው አለ። መሬት ላይ ተቀምጬ ሞላው የወጣበትን ቦታ አያለሁ። ባለቤቴ አሁን ጭንቅላቷን ያወጣችው ከዚያ ነው። ጠብታውን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

አፍ ሳንከፍት የግቢው በር ተበረገደ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ደግነው ገቡ።

"ማነው የተኮሰ? መሣሪያውን አምጣ!"

እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። በዚያ ጊዜ በግቢህ ተኩስ ተሰማ ከተባለ ማን ያስረዳልሃል? የመለሱላቸው መሪጌታ ናቸው።

"ልጆቼ፣ የተኮሰ ሰው የለም። የተኮሰችው ይችው መኪና ናት። አጥሩን እዩት።"

አንደኛው ሄዶ ሞላውን በእጁ ነካካው። "ሰው ቢያገኝ ኖሮስ?" አለኝ። ያም ሆኖ ቤቱን ፈተሹ፤ ፍራሻችንን ገለበጡ፤ የመሪጌታን መጻሕፍት ሳይቀር አገላበጡ። ምንም ሲያጡ ወጡ።

ከወጡ በኋላ ነው ቴስቲናውን አንስቼ ያየሁት። ኳሱ ተበልቶ ከቤቱ ወልቋል። መዶሻ አልመታሁት፤ ቡሎን አልፈታሁ። በእጄ ወዘወዝሁት እንጂ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

"ትናንት" አለች ባለቤቴ፣ ብረቱን ከእጄ ተቀብላ። "ድልድዩ ላይ… ያቺ ሴት እቅፌ ውስጥ ሆና…"

እኔው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቷ ሊያጽናኑን ፈልገው "ተመስገን በሉ" አሉ።

"አባዬ፣ እርስዎ ባይጠሩኝ ኖሮ…"

"ተይ" አሏት። "ተይ ልጄ፣ አትናገሪው።"

መለዋወጫው እንደ ዛሬ ሱቅ ሄደው የሚገዙት አልነበረም። በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ወደ አዲስ አበባ ላክን፤ የመጣልን መስቀል አልፎ ነው። እስከዚያ ሁለታችንም ድልድዩን በእግራችን እየተሻገርን ሥራ እንገባ ነበር። መሪጌታም ወደ አገራቸው የተመለሱት በአውቶቡስ ነው። እኔ በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ባለቤቴ እንቅልፍ እንቢ አላት።

መለዋወጫው ሲመጣ መካኒክ ቤት ድረስ ጠራን። ግራውን ገጠመና "የቀኙንም ልየው" አለ። ባለቤቴ "እሱስ ድምፅ የለውም፣ አዳምጨዋለሁ" አለችው። ፈታውና መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየን፤ ኳሱ በጥፍር ብትነካው ወልቆ ይመጣል።

"ይኼኛው ብሷል" አለ። "ዝም ብሎ ነው እንጂ።"

ባለቤቴ አየችኝ፤ አየኋት። ከዚያ ብረቱን ከመካኒኩ መዳፍ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው።