«ባልሽ ተፈወሰ ወይ?» ላላችሁኝ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖች። ዛሬ እኔም የምመሰክረው አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «የባልሽን መፈወስ መስክሪ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ራሴ ልናገር ነው የወጣሁት። አላስረዝመውም። ድንች ሻጭ ነኝ፣ ገበያተኛ ማቆም አልወድም። ጌታ ይመስገን!

የተወለድኩት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ከአማርኛ ይልቅ አገውኛ ይቀናታል። የተዳርኩት ለደሳለኝ ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ ከሰል ነጋዴው። ሰው የሚወደው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነበር። ይመታኛል። እናቴ ቤት እሄዳለሁ፣ ሽማግሌ ይላካል፣ እሱ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይላል፣ እኔ እመለሳለሁ። እናቴ «ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው በይና ኑሪ» ትለኝ ነበር። ኧረ ሆዴስ ስንቱን ይፍጀው?

ጌታን ያገኘሁት በጎረቤቴ በእትዬ ስንዱ በኩል ነው። ድንች ልትገዛ መጥታ ዓይኔ አብጦ አየች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጸለየችልኝ። እሁድ ይዛኝ እዚህ ቆሰበር ጉባኤያችን መጣች፣ እዚያ ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጌታንም ተቀበልኩ። ሃሌሉያ! የሚወደኝ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኋላ ደሳለኝም መጣ። እዚህ ፊት ተንበርክኮ ሲያለቅስ አይታችሁታል። እልል ብላችኋል፤ እኔም ከእናንተ በላይ ብያለሁ።

ክንዴን የሰበረው ከዚያ በኋላ ነው። እውነት ነው እኮ። ሆስፒታል ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ወደቅሁ» አልኩት። «እህቴ፣ በመውደቅ እንዲህ አይሰበርም» አለኝና ወደ ዘይነባ ክፍል ላከኝ። ዘይነባ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ የጫግኒ ባለሱቅ ልጅ፣ ሙስሊም ናት። ሚስቶቻቸውን የሚመቱ ወንዶችን ሰብስባ የምታክመው እሷ ናት። እኔ እናቴ ቤት ሳለሁ ፓስተራችን ደሳለኝን ጠርተው «ጸሎቱም ይቀጥላል፣ አንተም ሕክምናው ጋ ትሄዳለህ» አሉት። ሄደ። ፓስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ!

እዚያ ከሚማሩት አንዱ፣ ንዴት ሲመጣ ከቤት ወጥቶ መራመድና በርዶ መመለስ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፣ ምን ይወጣለታል። ደሳለኝም እዚሁ መድረክ ላይ ቆሞ «ዱላ ጥያለሁ፤ ንዴት ሲመጣብኝ ትቼላት እወጣለሁ» ብሎ መሰከረ። አጨበጨባችሁ። እኔንም በዚያ ምስክርነት ከእናቴ ቤት መለሳችሁኝ።

አልዋሸም፣ ይወጣ ነበር። ሲወጣ ግን ስልኬን ይዞ፣ በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ነው የሚሄደው።

አንድ የገበያ ቀን ድንቹን በጆንያ አዘጋጅቼ ስጨርስ ተናደደ። በምን እንደተናደደ እንኳ አላስታውስም። ቆልፎብኝ ወጣ። እትዬ ስንዱ በመስኮት በኩል «ዛሬ ገበያ አትወርጂም እንዴ?» አለችኝ። «ቁልፉ ጠፍቶን ነው እትዬ» አልኳት። ለምን ዋሸሽ አትሉኝም? ባሌ ተፈውሷል ተብሎ በጉባኤ ተመስክሯላ! እኔ አልተፈወሰም ብል የጌታን ሥራ የማፈርስ መሰለኝ። መሬት ላይ ተደፍቼ «ጌታ ሆይ፣ ክፈትልኝ» እያልኩ ጸለይኩ። በሩ አልተከፈተም። ምሳ ሰዓት ላይ ራሱ ደሳለኝ መጥቶ ከፈተው። ፊቱ ፈክቷል። «አየሽ? አልመታሁሽም» አለኝ። ወገኖች፣ እንደዚያ ቀን የከፋኝ ቀን የለም።

ኋላ ሕክምናው ሊያበቃ ሲል ዘይነባ ማን ተሻለው፣ ማን አልተሻለው የሚለውን ለማወቅ ሁለታችንንም ጠራችን። ደሳለኝ «እጄን ካነሳሁባት ቆየሁ፤ ትናገር» አለ። «አዎ፣ ደህና ነው» አልኩ። ዘይነባ እሱን «ውጭ ጠብቀኝ» ብላ በሩን ዘጋች።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«ጌታ ፈውሶታል» አልኳት።

«እኔ ስለ ጌታ ኃይል አልጠየቅሁሽም እህቴ። ስለ ቤትሽ ነው። ሲናደድ ምን ያደርጋል?»

«ይወጣል።»

«አንቺስ?»

እስከዚያ ቀን አንቺስ ያለኝ ሰው አልነበረም። «እኔማ ተቆልፎብኝ እቀመጣለሁ» አልኳት። አስቤው አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። በሩን ነበር የለመንኩት፣ ጌታ አፌን ከፈተው። ክብር ለስሙ ይሁን! አሜን በሉ እንጂ!

ዘይነባ ፊቷ ተለዋወጠ። «ተሻላቸው ከምላቸው አንዱ እሱ ነበር፤ መታሽ ወይ ብቻ ነበር የምጠይቀው» አለች። ከዚያ ወዲህ የወንዶቹን ሚስቶች ለየብቻ ነው የምታነጋግረው። ስልክሽ ማን ጋ ነው? እንዳሻሽ ትወጫለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ትፈሪዋለሽ? እያለች ትጠይቃለች። ያን ቀን ለእሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔን አስፈቅዳ ፓስተር ጋ ደወለች፤ ፓስተርና ባለቤታቸው መጥተው ቤታቸው ወሰዱኝ።

ደሳለኝ «ገመናችንን ለማታምን ሴት አወጣች» ብሎ ለሽማግሌዎች ከሰሰኝ። አንዱ ሽማግሌ፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ «የጌታን ስም አሰደብሽ» አሉኝ። ፓስተር ግን «ወንድሜ፣ ያሰደብነው እኛ ነን። ሚስቱን ሳንጠይቅ አጨበጨብን» አሏቸው። ደሳለኝ ዳንግላ ወንድሙ ቤት ገባ፣ እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሕክምናውንም እንደገና ጀመረ።

ታዲያ ተፈወሰ ወይ? አላውቅም። ዘይነባም «የሚለወጥ አለ፤ ቃሉን ብቻ አጥንቶ የሚሄድም አለ። ጊዜ ሰጥተን እንየው» ነው የምትለው። በቀደም እፊቷ ተገናኝተን «ለምን ነበር የምትቆልፍባት?» አለችው። ሁልጊዜ «እሷ እኮ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ያን ቀን «ጥላኝ እንዳትሄድ ፈርቼ» አለና አቀረቀረ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ባሌ ነው፣ እወደዋለሁ። ጌታን አመሰገንኩ። አብሬው ግን አልገባሁም። ዛሬ እንቅልፍ ተኝቼ አድራለሁ፣ ገበያዬን እወርዳለሁ፣ ሳቄም ተመልሷል። ይህን ያደረገልኝ ጌታ ነው!

እህቶቼ፣ ከባላችሁ ጎን ተቀምጣችሁ አሜን ስትሉ ድምፃችሁ የሚሰልለው፣ እናንተን ነው የምለው። ጌታን ለማክበር ብላችሁ አትዋሹለት። እውነቱን ብትናገሩ አያፍርባችሁም፤ እኔ ተናግሬ አይቼዋለሁ። እመኑት። እናንተም ሽማግሌዎች፣ ወንዱን መድረክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ሴቲቱን ለብቻዋ ጠይቋት።

በሉ አሁን እልል በሉልኝ። ስለ ደሳለኝ አይደለም፤ ስለ እኔ።