ለአያ ስጦታው ያላደረስኩት ጥሪ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ ይቺን ብቻ ውጬ እመለሳለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይኸም ፈሪነት ነው፣ አውቃለሁ።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ትርንጎ ጎረቤቴ ናት፤ ከእሷና ከሹፌሩ ባሏ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። የእኔ ሴት ልጅ አርባ ቀኗን ስትይዝ የእሷ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሴት በሰማንያ፣ ወንድ በአርባ ቀን ነው ክርስትና የሚነሳውና የሁለቱ አንድ እሑድ ላይ ዋለ። ድንኳኑንም ጠላውንም አንድ እናድርገው ተባባልን። ጥሪውንም ተካፈልን፤ ባሏ በመኪናው የጋሸናንና የኩልመስክን መንገድ ያዘ፣ እኔ ለሥራ ስለምመላለስበት የብልባላውን ወሰድኩ።

ብልባላ በኩል የትርንጎ አባት፣ አያ ስጦታው አሉ። እሳቸው የመረጡላትን ሰው ትታ ከሹፌሩ ጋር ስለኮበለለች አባትና ልጅ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ዘንድ የተኳረፈ ሰው በስልክ አይጠራም። ሰው ደጁ ድረስ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥሪውን በአፉ ካላደረሰለት ድግሱ አጥር ለአጥር ቢሆን እንኳ አይመጣም። ከተጠራ ግን መምጣቱ ራሱ እርቅ ነው። ትርንጎ አራስ ናት፣ መሄድ አትችልም። እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ወንድም ዓለም፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቅር፤ አባቴን ብቻ እግራቸው ላይ ወድቀህ አምጣልኝ" አለችኝ። "ተሸክሜም ቢሆን አመጣቸዋለሁ!" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም።

በገበያ ቀን ብልባላ ገባሁና ያገኘሁትን ሁሉ ጠራሁ። የአያ ስጦታው ቤት ከገበያው ማዶ ካለው ተረተር ላይ ይታያል። ሰዉ ስለ እሳቸው ሲያወራ ሰማሁ፤ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ዘመዳቸው አገር የሚሞላ። ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ ገባብኝ። እሳቸው ከመጡ ያ ሁሉ ዘመድ ሙክት እየጎተተ ይከተላቸዋል። የሚወራው የእነሱ እርቅ፣ የሚሳመው የእነሱ ልጅ ነው። የእኔን ልጅ ማን ዞር ብሎ ያያታል? አባት የለኝ፣ እናት የለኝ፤ በእኔ በኩል የሚመጡት ጥቂት የሥራ ጓደኞቼ ናቸው። በገዛ ድግሴ እንግዳ ልሆን ነው አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ገና ስም ባልወጣለት ሕፃን ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አልሄድኩም። መንገዱ አልራቀኝም፣ ዝናብ አላገደኝም፣ ውሻ አላባረረኝም። ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ ጀንበሯ እስክታዘቀዝቅ ጠጣሁና ተመለስኩ። ትርንጎ መደቧ ላይ ተደግፋ ትጠብቀኝ ነበር። እገሌ ይመጣል፣ እገሊት ታማለች እያልኩ የሰዉን መልስ ሁሉ ነገርኳት።

"እሳቸውስ?" አለች።

"እምቢ አሉ" አልኩ።

አላለቀሰችም። "ይሁና" ብላ ልጇን ማጥባቷን ቀጠለች።

ድግሱ ደምቆ አለፈ፣ ልጄም አማረባት ተባለልኝ። ወይ እኔ! ይቺን ፈልጌ ነው እንግዲህ። ቆይቶ ከብልባላ የመጣ ሰው ጉዱን አወራኝ። አያ ስጦታው ድግሱን ከገበያተኛው ሰምተው ኖሯል። ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ሙክት አዘጋጅተው፣ "ልጄ ሳትጠራኝ አትቀርም" እያሉ ቅዳሜን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ዋሉ። ማንም አልመጣም። ማንም የምለው እኔን ነው።

በዓመቱ ታመው ተኙና "ልጄን ጥሩልኝ" ብለው ሰው ላኩባት። መልእክተኛው ሲገባ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። ትርንጎ "እኔም ጠርቻቸው ነበር" ብላ መለሰችው። አልሄደችም። ያን ጊዜ እንኳ አንዲት ቃል ብተነፍስ በሕይወት ትደርስባቸው ነበር። አፌን ማን ለጎመው? ራሴው ነኝ። ሳምንት ሳይሞላ መርዶው መጣ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጊዜ ትጠይቀኛለች። "እምቢ ሲሉህ እንዴት አድርገው ነበር? ተቆጥተው ነው ወይስ ከፍቷቸው?" መጀመሪያ ተቆጥተው ነው አልኳት። ባለፈው ሰሞን ግን አሳዘነችኝና፣ ትጽናና ብዬ፣ "እንባ አቅርረው ነበር" አልኳት። በውሸት ላይ ውሸት። እሷ ግን ደረቷን መታች። "እንባ ካቀረሩማ አንጀታቸው ፈልጎኝ ነበር። ታመው ሲጠሩኝ የቀረሁት እኔ ነኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ" እያለች አለቀሰች። የእኔን ኃጢአት አንስቼ በእሷ ጫንቃ ላይ ጫንኩት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፣ ለእሷ ደግሞ አልነገርኳትም፤ የምነግራትም አይመስለኝም። ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ተገናኝተን "እንደምን አደርክ ወንድሜ?" አለችኝ። እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብያት አለፍኩ።