ያልቆረጥኩት ማንጎ

መንደራችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ተተክሎልናል፤ መብራት ስለሌለ ግን ጠብታ ውሃ ሰጥቶ አያውቅም። ሴቶቻችን ዛሬም ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ጀሪካን አንጠልጥለው ወንዝ ይወርዳሉ። ሚስቴም በዚህ ዕድሜዋ ትወርዳለች።

ከዓመታት በፊት አንድ ፖለቲከኛ ያለ አጃቢ መንደራችን መጣ። ሰሌን ላይ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ፣ "አሠራሩ ካልተለወጠ የሰው ኑሮ አይለወጥም" ይል ነበር። እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ እሱን ግን አመንኩት። "የመብራቱ ሽቦ የሚያልፍበትን ጥረጉ፣ እኔ እታገልላችኋለሁ" አለን። ሰዉ በደቦ ወጥቶ ከመንገዱ እስከ ጉድጓዱ ያለውን ማንጎ ሁሉ ጣለው። እኔ አባቴ የተከላትን አንዷን አላስነካም አልኩ። ሽቦው ይምጣና ያን ጊዜ በእጄ እቆርጣታለሁ አልኩ።

ሽቦው አልመጣም። ጥፋቱም የእኔ ሆነ። ከመስጊድ ስወጣ "የመብራት ጠላት፣ ሰላም ዋልክ ወይ?" ይሉኛል። ጎረቤቴማ "እስቲ ማንጎህን ሶኬት ላይ ሰካልን" ይለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሰውዬው የመንግሥት የኃይል ድርጅት አለቃ ሆኖ መሾሙን በሬዲዮ ሰማን። ፍየል ታረደ። ጎረቤቴ መጥረቢያውን ስሎ አምጥቶ ደጄ ላይ አቆመው።

በኮረብታው የሚያልፈውን ትልቁን የኃይል መስመር ሊያይ መጥቶ፣ እኛም ዘንድ ጎራ አለ። ሸብቷል። ሌላ ጥላ ስላልቀረ የእኔዋ ማንጎ ሥር አስቀመጥነው። ሰዉ ሁሉ እየሰማ ጠየቅኩት።

"ልጄ፣ መብራቱን የከለከለችን ይቺ ዛፍ ናት?"

ቀና ብሎ አያት።

"አይደለችም አባቴ። መንደራችሁ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ያኔ የሚከለክሉት ሰዎች ናቸው ብዬ ታገልኩ። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳየው፣ ትራንስፎርመሩም ገንዘቡም የለም። እኔ እያለሁ ይደርሳችኋል ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው።"

"ከአንተ በኋላ የሚመጣውስ?" አለ ጎረቤቴ።

"እሱም ይህንኑ ይነግራችኋል። ካልሆነም ይዋሻችኋል።"

የተቆጣ የለም። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ። መኪናው ከራቀ በኋላ ጎረቤቴ መጥረቢያውን ከደጄ አነሣና፣ "ምን አስጠየቀህ?" አለኝ።

"እውነቱን ማወቅ ይሻላል" አልኩት።

"ለማን?" ብሎኝ ሄደ።

ሚስቴም አኮረፈች። "ወንዝ ስወርድ፣ ይሄ ግትር አንድ ቀን ይቆርጣታል፣ ውሃውም ደጄ ይመጣል እያልኩ ነበር የምወርደው" አለችኝ። ከዚያ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የሚሰድበኝ የለም። ፀሐይ ሲበረታ ሰዉ ሁሉ እኔ ደጅ መጥቶ ማንጎዋ ሥር ይቀመጣል። ስለ ዝናብ ይወራል፣ ስለ ከብት ይወራል። መብራት የሚል ግን የለም፤ እኔም አላነሣውም።