በስንት ትራስ ተኙ?

እትዬ ካርድ የሚሏት ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስትሠራ ሰው ሁሉ የሚፈልጋት ለካርዱ እንጂ ለራሷ ስላልነበረ ቅጽል ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ጡረታ በወጣች በዓመቱ ባሏ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲያ ቤቷ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ሬዲዮኑና የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ብቻ ነበር። ቧንቧውን ሆን ብላ ነው የማታስጠግነው እያሉ ጎረቤቶቿ ያሟታል፤ ለአንዴ እንኳ ሐሜታቸው እውነት ነው።

አንዲት ወጣት ዶክተር ጥናት ልትሠራ ተነሥታ፣ ስልክ የሚደውልላት ታጋሽ ሰው ስትፈልግ እሷን አገኘች። ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ድካም ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ይሻላቸውና ቤታቸው ይገባሉ፤ ብዙዎቹ ግን ወር ሳይሞላቸው ተመልሰው ይተኛሉ። በየሳምንቱ እየደወልን ብንጠይቃቸው ተመላሹ ይቀንስ ይሆን? «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲባል የኖረውን ዶክተሯ በቁጥር ልታሳይ ነበር የፈለገችው። ስለዚህ ከሆስፒታል ለሚወጣ ሁሉ ዕጣ ይወጣለታል። ሰማያዊ የደረሰው በየማክሰኞው ይደወልለታል፤ ነጭ የደረሰው በሠላሳኛው ቀን አንዴ ብቻ።

ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው፦ እግርዎ አብጧል ወይ፣ ክኒንዎን ውጠዋል ወይ፣ ጨው ቀንሰዋል ወይ፣ ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል ወይ፣ ትናንት ማታ በስንት ትራስ ተኙ? ልቡ የደከመ ሰው ሳንባው ውሃ ሲቋጥር ጋደም ማለት ያቅተዋል፤ ትራሱ በጨመረ ቁጥር ሕመሙ ጨምሯል ማለት ነው። ከአምስቱ ውጭ ወሬ ክልክል ነው።

እንግዲህ ካርድ ክፍል ውስጥ ቁጥር የሚነበበው ከጭራው ነው። መደርደሪያዎቹ የተከፋፈሉት በመጨረሻው አሃዝ ስለሆነ፣ ዓይኗ ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላ ወደፊት ሲሄድ ኖሯል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ ሰባ አራት የሚለውን አርባ ሰባት ብላ አነበበችና ደወለች። ሰባ አራት ቁጥር ሰማያዊ ነበሩ፤ አርባ ሰባት ነጭ።

አርባ ሰባት ቁጥር ጡረታ የወጡ አናጺ ሆነው ተገኙ። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። አራቱን ጥያቄ እንደ ጎበዝ ተማሪ መለሱ። አምስተኛው ላይ በአንድ ትራስ እንደተኙ ነገሯትና፣

«አንቺስ እህቴ? በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» አሏት።

በሕይወቷ ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም።

«በሁለት» አለች። «አንደኛው የባለቤቴ ነበር።»

«አታንሺው እንግዲያው» አሏት።

መልሱን መዝገብ ላይ ልታሰፍር ስትል ነው ነጩን ቀለም ያየችው። ወዲያው ለትክክለኛው ሰባ አራት ደወለችና ጥያቄውን ጨረሰች፤ ስለ አናጺው ግን ለዶክተሯ ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገ ሲሆን ደግሞ ከነገ ወዲያ አለች። ማክሰኞ ሲመጣ እጇ እንደገና ወደ ስልኩ ሄደ፤ በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩን በደንብ ነው ያነበበችው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብላ ራሷን ሰደበች፤ ሰድባም ደወለች። አናጺው ስለሚንቋቋ በር አጫወቷት፤ እሷም ስለ ቧንቧዋ። በሩን ዘይት እንዳይቀቡት፣ ቢያንስ ሰው የገባ ይመስላል አለቻቸው፤ ሳቁ። ቤቷ ገብታ ሳቃቸውን ስታስታውስ ዋለች።

በሦስተኛው ማክሰኞ ድምፃቸው ተቆራረጠባት። በሦስት ትራስ ነበር የተኙት። ሥራዋን ታውቃለችና ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል እንዲመጡ በቁጣ ነገረቻቸው። መጡ፤ ውሃ የሚያስወጣው ክኒን ተጨመረላቸው፤ ሳይተኙ በዚያው ቀን ቤታቸው ተመለሱ።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ካርድ አንድ ቀን ዶክተሯን ቁጥሮቹን ዘርግታ አንገቷን ደፍታ አገኘቻት። ከነጮቹ አሥራ አንድ፣ ከሰማያዊዎቹ ዘጠኝ ሰዎች ተመልሰው ተኝተዋል። ልዩነቱ እንዲህ ጠባብ ሆኖ ከቀጠለ፣ መደወል ምንም አይጠቅምም ተብሎ ስልኩ እንደሚዘጋ ነገረቻት። እትዬ ካርድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አናጺው ሳይደወልላቸው ደህና ከሆኑት ነጮች ጋር ነው የሚቆጠሩት። እሷ ያዳነቻቸው ሰው በእሷው ላይ ሊመሰክሩባት ነው። ብትናገር ማክሰኞዋ ይቀራል፤ ዝም ብትል ነገ በሦስት ትራስ የሚተኛ ሌላ ብቸኛ ሰው የሚደውልለት አያገኝም።

ተናገረች። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ አስቀመጠች፤ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ዕጣው እንደወጣ ስለሚጸና አናጺው በነጭ ይቆያሉ፤ ስሕተቱ ግን ከነምክንያቱ በሪፖርቱ ይጻፋል አለቻት። ከዛሬ ጀምሮ ግን ልትደውልላቸው አትችልም። የሠላሳኛውን ቀን ጥያቄ አንዲት ነርስ ትጠይቃለች፤ እትዬ ካርድ መልሱን ትጽፋለች፤ ትንፍሽ ማለት የለም።

ማክሰኞ መጣና ሄደ። በዚያ ቀን ስልኩን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የዋለችው።

ሐሙስ ሠላሳኛው ቀን ነበር። ነርሷ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አናጺው ሁሉንም መለሱ፤ እግራቸው አላበጠም፤ በአንድ ትራስ ነው የሚተኙት። እትዬ ካርድ ጻፈች። የሠላሳኛው ቀን ቅጽ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፤ በዚህ ወር ውስጥ የሚጠይቅዎት ሰው ነበር ወይ የሚል።

«አንዲት እህት ነበረችኝ» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ቀረች። ልጄ፣ እዚያው ናት የምትሠራው፤ ታማ እንዳይሆን። እሷን ደግሞ ጠያቂ ያላት አይመስለኝም። በስንት ትራስ እንደምትተኛ ጠይቂልኝ።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። እትዬ ካርድ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፤ ሁለት ጣቶቿን አነሣች።

«በሁለት ነው አባቴ» አለች ነርሷ።

«አላነሣችውም፤ ደግ» አሉ አናጺው፤ ስልኩም ተዘጋ።

እትዬ ካርድ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና «የሚጠይቅዎት ሰው ነበር ወይ» በሚለው ፊት ለፊት «አንድ» ብላ ጻፈች።